ሞተር ስንገዛ የምንረሳው ነገር፦ ከጋፋት እስከ ሰርዶ መንገድ

ከጅቡቲ ወደብ የተጫነ ኮንቴይነር በጋላፊ ይገባል፤ ዲቾቶን አልፎ ሰርዶ ይደርሳል፤ ከዚያ ሰመራን፣ ሎግያንና ሚሌን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይጓዛል። ብረቱም፣ ማሽኑም፣ መለዋወጫውም አብዛኛው በዚህ መስመር ያልፋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእነዚህ ኮንቴይነሮች ከሚመጡት ዕቃዎች አንዱ የብየዳ ወርክሾፕ ያለው ወጣት ሁሉ የሚመኘው በኮምፒውተር የሚመራ የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ ነው። ባለሙያዎቹ ሲኤንሲ ፕላዝማ ይሉታል።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ፕላዝማ መቁረጫ የታመቀ አየርን በኤሌክትሪክ ቅስት አግሎ ብረቱን እያቀለጠ፣ የቀለጠውን እየነፋ ይቆርጣል። ጠረጴዛው ላይ ላሜራ ይነጠፋል። ከላሜራው በላይ ድልድይ የሚመስል ተሸካሚ ቶርቹን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ድልድዩን የሚጎትቱት ሞተሮች ናቸው። ለሞተሮቹ መብራቱን እየመጠነ የሚሰጣቸው ድራይቨር የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ነው። ድራይቨሩን የሚያዘው ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ የትኛው ሞተር? የትኛው ድራይቨር? የመካኒክ ጥያቄ ይመስላል፤ ነውም። ነገር ግን የአገራችንን የብረት ሥራ ታሪክ ለተመለከተ ሰው ጥያቄው ከ150 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ደጋግመን ጉልበት እንገዛለን። ጉልበቱን የሚያንቀሳቅሰውን፣ የሚቆጣጠረውንና ሲበላሽ የሚጠገንበትን መንገድ ግን እንረሳለን። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

፩. ጋፋት፦ መድፉ ተሠራ፣ ማን ይጎትተው?

ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ከሁሉ የገነነው ሴባስቶፖል ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነበር። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቦታ፣ ያን የሚያህል መድፍ አቅልጦ ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 70 ኩንታል ብረት ከደብረ ታቦር መቅደላ ተራራ ድረስ መሄድ ነበረበት። መንገድ አልነበረም። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ አስጠረጉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገመድ ይዘው ጎተቱ። ጉዞው ወራት ፈጀ። መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ ጦርነቱን ግን አልወሰነም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ንጉሡ ራሳቸውን ሠው። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።

በተቃራኒው ወገን የነበረውን ተመልከቱ። የናፒየር ጦር ዙላ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሠራው የመርከብ ማራገፊያና አጭር የባቡር ሐዲድ ነው። ለተራራው ውጊያ በበቅሎ ጀርባ የሚጫኑ ትናንሽ መድፎች ይዞ ነበር፤ ለከባዶቹ ደግሞ ዝሆን አመጣ። የእንግሊዝ ጦር ብርታት ብዙ ምክንያት አለው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን መድፉን ሲመርጥ ማጓጓዣውን አብሮ መምረጡ ነው። ጋፋት ላይ የተጠየቀው «ምን ያህል ትልቅ?» የሚል ነበር። ዙላ ላይ የተጠየቀው «በምን ይንቀሳቀሳል?» የሚል ነበር።

፪. የአሰብ መንገድ፦ በዓይን የሚታይ ማሽን

በ1928 ዓ.ም ከአሰብ የተነሣ የጣሊያን ጦር ሰርዶን ያዘ። ቀጥሎም ጣሊያኖች ከአሰብ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሠሩ። ሰርዶ የመንገድ ከተማ የሆነችው እንዲህ ነው። በ1945 ዓ.ም መስከረም ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አሰብ የኢትዮጵያ በር ሆነ። ኤንትሬ ብለን የምንጠራቸው የፊያት መኪኖችም ይህን በረሃ ቤታቸው አደረጉት። በዱብቲ ዙሪያ ደግሞ ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ ከፈተ። ትራክተር፣ ፓምፕና መዳመጫ ማሽን ወደ አዋሽ ሸለቆ ወረደ። እርሻው በ1967 ዓ.ም እስኪወረስ ድረስ በኩባንያው እጅ ቆየ።

ያ ዘመን ለወርክሾፖቻችን ቋንቋ አውርሶናል። ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ፣ ቶርኖ፦ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ ጣሊያንኛ አንድ ቃል የማያውቅ ረዳት እነዚህን ቃላት እንደ እናቱ ቋንቋ ይናገራቸዋል። ለምን ይመስላችኋል? ማሽኑ የሚታይና የሚዳሰስ ስለነበረ ነው። የካምቢዮ ጥርስ ሲሰበር ስብራቱ በዓይን ይታያል። ቶርኖ ቤት ይወሰዳል፤ ይለካል፤ ሌላ ይወጣለታል። ጉልበቱ ከሞተሩ እስከ ጎማው የሚሄድበት መንገድ በሙሉ ብረት ነው። ብረት ደግሞ ለሚያየው ሰው ምስጢር የለውም።

ሰርዶ ሌላም የሚታወስ ነገር አላት። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ከሳምንት በኋላ መጋቢት 27 ሌላ ብርቱ መንቀጥቀጥ ደገማት። ሰው ሞተ፣ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ቤቶቹ ወደሙ። በዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የነበሩት ፒየር ጉዋን መዝግበው አቆይተውልናል። ማንኛውም የሕንፃ መሐንዲስ እንደሚነግራችሁ፣ መሬት ስትንቀሳቀስ ግድግዳውን የሚጎዳው ኃይል ከግድግዳው ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል። ክብደትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ ስለ ጠረጴዛው ሳነሳ እመለስበታለሁ።

፫. አዋሽ፦ ሁለት ባቡሮች

አዋሽ ከተማ ላይ ሁለት የባቡር ዘመን ታያላችሁ። የመጀመሪያው ድሬዳዋን የወለደው ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ደረሰ። የድሬዳዋው ወርክሾፕ ለዚያ ባቡር የሚያስፈልገውን ዕቃ እየቆረጠ፣ እየቀጠቀጠና እየቶረነ አሮጌ ባቡሮችን ለብዙ አሥርት ዓመታት በሕይወት አቆየ። ባቡሩ አርጅቶ ቆመ እንጂ የሚጠግነው ሰው አጥቶ አልነበረም።

ሁለተኛው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ከላዩ ከተዘረጋው 25 ኪሎ ቮልት ሽቦ መብራት ይወስዳል። ያ መብራት በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ አይገባም፤ መጀመሪያ በኤሌክትሮኒክስ ይቆራረጣል፣ ይመጠናል፣ እንደገና ይቀናበራል። ሞተሩ ምን ያህል እንደሚጎትትና እንደሚፈጥን የሚወሰነው በዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። እዚያ ላይ የተሰበረ ጥርስ አይታይም። የሚታየው የስህተት ቁጥር ነው። ባቡሩ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ስድስት ዓመት ገደማ ሥራውን የመሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሙሉ ርክክቡ የተደረገው በግንቦት 2016 ዓ.ም ነው።

ይህን ስል ቻይናን ለመውቀስ አይደለም። ሐዲዱን መዘርጋት ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ ዕውቀቱን መረከብ የሚፈጀው ጊዜ እንደሚረዝም ለማሳየት ነው። ዕውቀቱ ደግሞ ያለው ከብረቱ ይልቅ ብረቱን በሚያዘው ሳጥን ውስጥ ነው።

፬. የተቀዳው ትእዛዝ

ይህ ሳጥን ከየት መጣ? መልሱ አሰብ የእኛ በር በሆነችበት በዚያው ወር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1952 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ የሰፈሩ ቁጥሮችን እያነበበ ብረት የሚፈቀፍቅ ማሽን ለሕዝብ አሳየ። ሐሳቡን ያመጣው ጆን ፓርሰንስ የተባለ የሄሊኮፕተር ክንፍ አምራች ነበር። የእጅ ባለሙያው ውሳኔ ቁጥር ሆነ። በእነዚያው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ መሐንዲሶች የብየዳን ቅስት በጠባብ ቀዳዳ ሲያሳልፉት ብረት እንደሚቆርጥ አገኙ። ሁለቱ ሲጋቡ ዛሬ በሰርዶ በኩል የሚያልፈው ጠረጴዛ ተወለደ።

እኛስ? ግንቦት 1990 ዓ.ም በጦርነቱ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2002 ዓ.ም መንግሥት የመከላከያንና ሌሎች የብረታ ብረት ፋብሪካዎችን አሰባስቦ ሜቴክን አቋቋመ። ፍላጎቱ ትልቅ ነበር፦ የስኳር ፋብሪካ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የሕዳሴ ግድብ የብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም የግድቡ ሥራ ከእጁ ወጣ፤ ለውጭ ኩባንያዎች ተከፋፈለ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። የሙስናውን ክስ ለፍርድ ቤት እንተወው። ለእኔ የሚታየኝ ትምህርት ሌላ ነው፦ ማሽንና ፋብሪካ በመሰብሰብ አቅም አይገነባም። አቅም ማለት ማሽኑ የታዘዘውን ልክ በታዘዘበት ጊዜ ማድረጉ፣ ሲያቆም ደግሞ ለምን እንዳቆመ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው።

፭. ጠረጴዛው ላይ፦ ቁጥሩ ምን ይላል?

አሁን ወደ ወርክሾፑ እንግባ። አንድ በያጅ ጠረጴዛ ሊያሠራ ነው። ፍሬሙን ራሱ ይበይደዋል። ሞተር ሲመርጥ ካታሎግ ይከፍታል፤ ዓይኑ የሚያርፈው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። ኔማ 34፣ 12 ኒውተን ሜትር። «ይሄ ነው ጉልበተኛው» ይላል። ሴባስቶፖልን መረጠ ማለት ነው።

ለምን እንደሆነ እንይ። ቶርኖና ፍሬዛ ብረቱን ስለሚገፉ ጉልበት ይፈልጋሉ። የፕላዝማ ቶርች ግን ብረቱን አይነካውም። ሞተሩ የሚታገለው ከላሜራው ጋር አይደለም፤ ከራሱ ድልድይ ክብደት ጋር ነው። ሥራው ድልድዩን በፍጥነት ማስነሳት፣ ማቆምና ማዞር ነው። የሰርዶው ሕግ እዚህ መጣ፦ ኃይሉ የሚያድገው ከክብደቱ ጋር ነው። ድልድዩን አላስፈላጊ ከባድ አድርጎ ትልቅ ሞተር ከመግዛት፣ ድልድዩን ቀላልና ጠንካራ አድርጎ ልከኛ ሞተር መግዛት ይሻላል።

ሒሳቡ ይኸው። ድልድዩ 40 ኪሎ ነው እንበል። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ3 ሜትር በሰከንድ እንዲጨምር ብንፈልግ የሚያስፈልገው ኃይል 120 ኒውተን ነው። በጥርሳም ሐዲድ ላይ የሚሽከረከረው ትንሹ ጥርስ 20 ሚሊሜትር ዲያሜትር ቢኖረው 1.2 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በሞተሩና በጥርሱ መካከል 3 ለ 1 የሚቀንስ ቺንጋና ፑሌጃ ብናስገባ ሞተሩ ላይ የሚደርሰው 0.4 ብቻ ነው። ድልድዩን በግራና በቀኝ ሁለት ሞተር ስለሚጎትተው ለእያንዳንዱ 0.2 ይደርሰዋል። ለሰበቃና ለጥንቃቄ ሦስት እጥፍ እንኳ ብንይዝ 0.6 ነው። ከ2 እስከ 3 ኒውተን ሜትር የተጻፈበት ኔማ 23 ስቴፐር ይበቃዋል።

«ታዲያ ትልቁ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ይጎዳል። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሞተሩ ቆሞ ሳለ ያለው ጉልበት ነው። ስቴፐር ሞተር ሲፈጥን ጉልበቱ ይወርዳል። ትልልቆቹ ደግሞ ጥቅልላቸው ወፍራም፣ ኢንዳክታንሳቸው ከፍ ያለ ስለሚሆን ቶሎ ይወርዳሉ። በሙያው የታወቀ መመሪያ አለ፦ የሞተሩን ኢንዳክታንስ በሚሊሄንሪ ወስደህ ከእጥፍ ሥሩ (ስኩዌር ሩት) ጋር 32ን አባዛ፤ የሚስማማውን የቮልት ጣሪያ ይሰጥሃል። 4 ሚሊሄንሪ ከሆነ 64 ቮልት። 8 ከሆነ 90 ቮልት። ሰውየው ግን ትልቁን ሞተር ገዝቶ በ36 ቮልት ያስነሳዋል። ውጤቱ? ቆሞ ጉልበተኛ፣ ሲሮጥ ደካማ። ስስ ላሜራ ሲቆርጥ፣ ጥግ ሲዞር፣ እርምጃ ይስታል። ተራ ስቴፐር እርምጃ ሲስት ለኮምፒውተሩ አይነግረውም። ኮምፒውተሩ ትክክል ቆርጫለሁ ብሎ ይቀጥላል፤ ክቡ ቀዳዳ እንቁላል ሆኖ ይወጣል፤ ላሜራው ይጣላል።

ቺንጋውና ፑሌጃውም ቢሆን የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ስቴፐር በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው። 20 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ጥርስ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ቢታሰር አንዱ እርምጃ 0.31 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የተቆረጠው ጠርዝ መጋዝ ይመስላል። በ3 ለ 1 ሲቀነስ 0.1 ይሆናል፤ ድራይቨሩ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ ይበልጥ ይከፋፍለዋል። በደቂቃ 12 ሜትር ሲሮጥ እንኳ ሞተሩ የሚዞረው 570 ዙር ገደማ ነው፤ ስቴፐር ገና ጉልበት ያለበት ፍጥነት ነው። በርካሽ ዋጋ የሚገኝ ጥርስ፣ ፑሌጃና ቺንጋ ትልቅ ሞተር ከሚሰጠው በላይ ይሰጣል።

ሰርቮስ? ሰርቮ ኢንኮደር አለው፤ የት እንዳለ ያውቃል፤ ጉልበቱንም እስከ ከፍተኛ ፍጥነት ይይዛል። ጥሩ ነው። ግን ብዙዎቹ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ሲሠሩ ነው ዋጋቸውን የሚመልሱት፤ በ3 ለ 1 ካሰርነው ከፍጥነቱ አምስት እጁን አንዱን ብቻ እንጠቀማለን። ማስተካከያውም ዕውቀት ይጠይቃል። ለብዙ መካከለኛ ወርክሾፖች ኢንኮደር ያለው ስቴፐር መካከለኛው መንገድ ነው፦ እርምጃ ሲስት ያርማል፤ ካልቻለ ቆሞ ይጮኻል። ዝም ብሎ ከሚያጠፋ ሠራተኛ ስህተቱን የሚናገር ይሻላል።

፮. አፋር ላይ ሲሆን

ካታሎጉ የተጻፈው በረድ ላለ ፋብሪካ ነው። ሰመራ በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ትሆናለች። በተዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ ያለ ድራይቨር ከዚያም በላይ ይሞቃል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ እንደሚቀንስ በሙያው የታወቀ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ድራይቨር የሚመረጠው ካታሎጉ ከሚለው አምፔር ዝቅ አድርጎ ለማሠራት ነው። ሣጥኑ ማራገቢያና አቧራ ማጣሪያ ይኑረው። ሞተርና ድራይቨር በአንድ አካል የተሠሩትን እዚያ አልመክርም፦ ሞተሩ ራሱ ድራይቨሩን ያሞቀዋል፤ አንዱ ሲቃጠል ሁለቱንም ትጥላላችሁ።

ፕላዝማው ራሱም ጠላት ነው። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ብልጭታ የሚለኮሰው ዓይነት የሚረጨው የኤሌክትሪክ ረብሻ የድራይቨሩን ትእዛዝ ያደናግራል። ንክኪ ተላቅቆ የሚለኮሰው ዓይነት ይሻላል። ጠረጴዛው በደንብ ኧርዝ ይደረግ፤ የሲግናል ሽቦው ከቶርቹ ገመድ ይራቅ። ረጅም የጥምዝ ዘንግ ሳይሆን ጥርሳም ሐዲድ ይሁን፤ የብረት ብናኝ የገባበት የጥምዝ ዘንግ ዕድሜ የለውም።

ከሁሉ በላይ ግን ዶላሩ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ሲተመን፣ ከውጭ የሚመጣ አንድ ድራይቨር ምን እንደሚያስከፍል ወርክሾፕ ያለው ሁሉ ያውቃል። ማሽኑን በብድር ወይም በሊዝ የወሰደው ወጣት ድራይቨሩ ተቃጥሎ ጠረጴዛው ቢቆምም ወለዱ አይቆምም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው። ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ይሁን፦ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ሞተርና አንድ ዓይነት ድራይቨር፤ መደርደሪያ ላይ አንድ ተጠባባቂ ከሁለቱም። ድራይቨሩ የአንድ ኩባንያ ምስጢራዊ ቋንቋ የሚናገር ሳይሆን «እርምጃና አቅጣጫ» የሚባለውን፣ ሁሉም የሚጋራውን ሲግናል የሚቀበል ይሁን። ያኔ የአንዱ ኩባንያ ዕቃ ሲጠፋ የሌላው ይገባል። ጠረጴዛው ከአንድ ሻጭ እጅ ነፃ ይወጣል።

፯. እንግዲህ

የድሬዳዋው ወርክሾፕ ምስጢር ጉልበት አልነበረም። የሚጠግነውን ያውቅ ነበር። ኤንትሬን በረሃ ላይ ያኖረውም ይኸው ነው። የዛሬው ማሽን ዕውቀቱን ከብረቱ አውጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ስላስገባው ልጆቻችን ያንን ሳጥን መክፈት መማር አለባቸው። የሙያ ኮሌጆቻችን ማሽን ማስነሳትን ብቻ ሳይሆን ድራይቨር መርጦ መግጠምን፣ ለክቶ ስህተቱን ማግኘትን ያስተምሩ። መንግሥትና ባንኮች ማሽን ሲገዙ ወይም ሲያበድሩ በጨረታ ሰነዱ ላይ «ስንት ኪሎ ዋት?» ከሚለው ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «ሲቃጠል በምን ይተካል፣ በስንት ቀን፣ በማን እጅ?»

ጠረጴዛው በሰርዶ በኩል መምጣቱን ይቀጥላል። በጎ ነው፣ ይምጣ። ነገር ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ሰመራ ወይም አዋሽ ላይ ባለ ወርክሾፕ ውስጥ እየሠራ የሚገኘው በካታሎጉ ትልቁ ቁጥር የተመረጠው አይሆንም። ባለቤቱ ከቺንጋው እስከ ድራይቨሩ የሚያውቀው ነው።